የአውሮፕላኑ ለቅሶ

ልጅ እያለሁ በቢቸና ሰማይ ላይ አውሮፕላን ካለፈ ሥራ ይቆማል። ውኃ የምትቀዳዋ ጀሪካኗን ታስቀምጣለች፣ ኳስ የሚያሳድደው ኳሱን ይረሳል፤ ሁላችንም አንገታችንን ወደ ኋላ ጥለን ያችን ነጭ መስመር እያሰመረች የምትሄድ ብልጭታ እስክትጠፋ ድረስ በዓይናችን እንሸኛታለን። ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ጓደኛዬ ባንቺአምላክ ውስጡ ያሉት ሰዎች ቁልቁል እኛን እንደሚያዩን በማርያም ስም ትምልልኝ ነበር። እኔም አምኛት፣ ቀሚሴ የተቀደደ ዕለት አውሮፕላን ሲመጣ ሮጬ ግድግዳ ጥግ እደበቅ ነበር።

ኋላ ታላቅ እህቴ ትርንጎ አውሮፕላን ልትሳፈር ሆነ። አሥረኛ ክፍል ፈተናው አልመጣላትም፤ እንደ ብዙ የሰፈራችን ልጆች ወደ ቤሩት መሄጃው ተገኘላት። ትርንጎ ለእኔ እህት ብቻ አልነበረችም። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጉልበቶቿ መሀል አጣብቃ ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ ስጮኽም «ዝም በይ፣ ቁንጅና ያማል» እያለች ይበልጥ የምታጠብቀው እሷ ነበረች። እስከ ዛሬ የለጋ ቅቤና የገላ ሳሙና አንድ ላይ ከሸተተኝ ዞር ብዬ አያለሁ።

የሄደችው በጥቅምት ነው። ከመናኸሪያ በጧቱ አውቶቡስ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወዲያ እንግዲህ በሰማይ። እናቴ ሌላውን ሁሉ ትታ አንድ ነገር ብቻ አስጨንቋት ነበር፤ ሰማይ ላይ ያለው ብርድ። ለአባቴ የተሠራውን አዲስ ጋቢ አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ስትጠቀጥቅ፣ ትርንጎ በሳቅ ፈርሳ «እማ፣ መስኮቱ ይዘጋል እኮ!» አለቻት። እናቴ አልሳቀችም። «ቢዘጋስ? ሰማይ ሰማይ ነው» አለች። ጋቢው ሄደ።

ትርንጎ እንደደረሰች ልትደውል ቃል ገብታ ነበር። ያኔ ስልክ ያለው በአያ ቢተው ሱቅ ነው። አያ ቢተው የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው፤ ስኳርም ዘይትም ይሸጣሉ፤ ሰው ሲጣላ ያስታርቃሉ፣ ሰው ሲሞት መርዶ የሚነግሩት ሽማግሌዎችን አስከትለው እሳቸው ናቸው። እናቴ እህል ገበያ ጤፍ እየቸረቸረች ውላ ስትመለስ በሱቃቸው በኩል ትዞራለች። «ደወለች ወይ?» አትልም፤ ዝም ብላ ሰላም ትላቸዋለች። እሳቸውም ገብቷቸው «ገና ነው እቴ ዘመናይ፤ አገሩን እስክትለምድ ነው» ይሏታል። ጥቅምት አለቀ፤ ኅዳርም እንዲሁ ገሰገሰ፤ ስልኩ ለሌላው ሰው ይጮኻል እንጂ ለእኛ አልጮኸም።

ያ ፊልም ቢቸና የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ቪዲዮ ቤታችን ከእህል ገበያው ጀርባ የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። መስኮቶቹ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍነዋል፤ ውስጡ የጎረምሳ ላብና የአሹቅ ሽታ ተደባልቆ ያፍናል፤ ፊት ለፊት ዴክና ቴሌቪዥን በሽቦ ወንፊት ታጥረው ተቀምጠዋል። ለሴት ልጅ ነውር ነበር። ቪዲዮ ቤት ገባች የተባለች ልጅ በእናቴ ሕግ በርበሬ ትታጠናለች። እኔና ባንቺአምላክ ግን የአውሮፕላን ፊልም መጣ ሲባል አላስቻለንም፤ ነጠላ ተከናንበን በጓሮ በኩል ገባን። እህቴ የገባችበትን ነገር ሆዱን ላየው ፈለግሁ፣ በቃ።

እንግሊዝኛውን የሚተረጉምልን ሳሚ ነበር። አባቱ ጤና ጣቢያ ሊሠሩ ከናዝሬት ተመድበው የመጡ ናቸው፤ ሳሚም የከተማ ልጅ ስለሆነ ያላወቀውን እንኳ ቢሆን አስረግጦ ነው የሚናገረው። ፊልሙ ላይ ጅራቱ ቀይ የሆነ ትልቅ ነጭ አውሮፕላን ሰው ሞልቶ ይነሣል። ደመና ውስጥ ይገባል፤ አይወጣም። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ሞተዋል፣ መሞታቸውን ግን አያውቁትም። አስተናጋጇ ጋሪዋን እየገፋች ምግብ ታድላለች፤ ይበላሉ፣ ሳህኑ አይጎድልም። በመስኮቱ ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። አንዷ ወጣት ስልክ አንሥታ ወደ ቤቷ ትደውላለች፤ «ደህና ነኝ፣ ልደርስ ነው» ትላለች። የዚህች ልጅ እናት አውሮፕላን ማረፊያው ወንበር ላይ ተቀምጣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትላለች። መሞቷን ዘመድ አዝማዱ ሰምቷል፤ ለእሷ ብቻ የነገራት የለም።

ሌሎቹ ልጆች ዓይናቸውን ሸፍነው ይጮኹ ነበር። እኔ አልሸፈንኩም። ከተሳፋሪዎቹ መሀል ትርንጎን እፈልግ ነበር። ወንበር በወንበር አየሁ፤ ጋቢ የለበሰ ሰው አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ውስጥ ልጅ የሚባል ሁሉ ወሬው ይኸው ሆነ። አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ማለት ቀረ፤ ሞተው ቢሆንስ? ቦኖ ላይ ወረፋ ይዘን ስንቀመጥ ፊልሙን እንደ አዲስ እናወራዋለን። አንድ ቀን መሸት ሲል ባንቺአምላክ እንደ ትልቅ ሰው አገጯን ይዛ «እኔን የምታሳዝነኝ እናትየዋ ናት» አለች። «ልጇ ሞታለች፤ አገር ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ግን ትመጣለች ብላ በር በሩን ታያለች።»

ቀና ስል እናቴ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ከኋላችን ቆማለች።

ባንቺአምላክ አፏን በእጇ ያዘች። አንዷ ልጅ ሳይሞላላት ዕቃዋን አንሥታ ሄደች። እኛ የፈራነው የበርበሬውን ጭስ ነበር፤ ቪዲዮ ቤት መግባታችን ታወቀ ብለን ነው። እናቴ ግን ያየችው ሌላ ነው። ፊታችንን አንድ በአንድ አየች፤ እኔ ላይ ስትደርስ ቆየች። ከዚያ ውኃውን ሳትቀዳ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ተመለሰች።

ይህን በእኛ አገር ያላደገ ሰው ላይገባው ይችላል። በእኛ ዘንድ ሞት እንደ ተሰማ አይነገርም። ሰው በሩቅ አገር ከሞተ መጀመሪያ ሰፈሩ ይሰማል፣ ከዚያ ዘመዱ፤ እናት መጨረሻ ናት። እስኪነገራት ድረስ አብረዋት ይስቃሉ፣ ገበያ ያደርሷታል፣ ስለ ልጇ ከጠየቀችም «ደህና ነው፣ ምን ይሆናል?» ይሏታል። ጧት ጎህ ሳይቀድ፣ ከቤት ሳትወጣ፣ ሽማግሌዎቹ ሰብሰብ ብለው በሯን ያንኳኳሉ፤ ያኔ ትሰማለች። ደግ ሥርዓት ነው፤ ሰው ሜዳ ላይ ወድቆ እንዳይቀር፣ ከዘመዱ መሀል እንዲወድቅ የታሰበ ነው። ክፋቱ አንድ ነው፤ ልጇን በሩቅ የምትጠብቅ እናት ከደግ ፊት ሁሉ ሞትን ማንበብ ትማራለች። ሲገቡ የሚቋረጥ ጨዋታ፣ ያለ በዓል የመጣ ዘመድ፣ ከወትሮው የለዘበ አነጋገር፣ ይህ ሁሉ ለእሷ ምልክት ነው።

እናቴም ምልክቱን መልቀም ጀመረች። ጎረቤት ሽሮ በሳህን ብትልክላት ምልክት ነው። አባቴ አንድ ቀን ከልብስ ስፌቱ ቀደም ብሎ ቢገባ ምልክት ነው። አያ ቢተው «ገና ነው» ሲሏት ዓይናቸውን ወደ ሚዛኑ ቢመልሱ፣ ስኳር እየመዘኑ ቢሆንም፣ ምልክት ነው። አልጠየቀችም። መርዶ የሚጠብቅ ሰው አይጠይቅም፤ ከጠየቀ እንደ መጥራት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ እራት ላይ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «ትርንጎ እንዴት ናት?» አለችው አባቴን፣ እሱ ዘንድ ወሬ እንዳለ ሁሉ። አባቴም የዋህ ነው፣ እንድትጽናና ብሎ «ደህና ናት፣ ምን ትሆናለች?» አላት። እንዲያው ቃል ባይመርጥ ይሻል ነበር። እናቴ ጎርሳው የነበረውን አላምጣ እስክትውጥ ድረስ ብዙ ቆየች።

ከዚያ ዝግጅት ገባች። ግቢውን ጎህ ሳይቀድ ትጠርጋለች። እንጨት አስፈለጠች፣ ንፍሮ የሚሆን ስንዴና ባቄላ ለቀመች፣ ነጠላዋን አጥባ አልጋው ራስጌ አስቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ቢመጡ ቤቷ እንዳያሳፍራት ነው። ይህን ጊዜ ደግሞ ጎረቤቱ በተራው እሷን ማየት ጀመረ። ስንዴ ለቀመች፣ እንጨት አስፈለጠች፤ እንግዲያ አንድ ነገር ሰምታለች ማለት ነው! ሰዎቹ ሲያገኟት ድምፃቸውን ቀነሱ፣ ሲለዩዋት ከንፈር መጠጡ፤ እሷም ያንን አይታ ይበልጥ አመነች። ማንም ምንም አልሰማም፤ ሁሉም ግን ሌላው የሰማ መስሎታል።

እኔ ልጅ ብሆንም ነገሩ ከየት እንደመጣ ገብቶኝ ነበር። የበርበሬውን ጭስ ለመቀበል ቆርጬ፣ ቡሃቃ አጠገብ ቁጭ ብላ ሳለ ነገርኳት። «እማ፣ ያኔ ቦኖ ላይ ያወራነው ፊልም ነው። አውሮፕላኑም፣ የሞተችውም ልጅ፣ እናትየዋም ፊልም ናቸው። ቪዲዮ ቤት ገብቼ አይቻለሁ።» አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ እድን ነበር። ሊጥ በነካ እጇ ጉንጬን ይዛ «ማን ነው እንዲህ በይያት ያለሽ፣ የኔ እናት?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ደረቷ ጎትታ አቀፈችኝ። ለካስ የምታባብለው እኔን ነው፤ እህቴ ሞታ ሳለ ውሸት አስጠንተው የላኩኝ ሕፃን!

አባቴ ነገሩን ከእኔ ሲሰማ ራሱን ይዞ ወደ አያ ቢተው ሮጠ። አያ ቢተውም የተከበሩ ሰው ናቸው፤ የተከበረ ሰው ደግሞ ነገር የሚያደርገው በወጉ ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ነገር በመንገድ ላይ አይነገርም፣ ሽማግሌ ባለበት፣ እሷም ወደ ገበያ ሳትወጣ በጧት ሄደን እናረጋግጥላት አሉ። አባቴም እሺ አለ። ሁለት ሽማግሌ ጨመሩ፣ የነፍስ አባቷንም ለመኑ። ሴትዮዋን ልጅሽ አልሞተችም ሊሏት፣ ታኅሣሥ ውስጥ፣ ገና ውርጩ ሳይለቅ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ጎህ ሲቀድ በራችንን አንኳኩ።

እናቴ በሩን ከፈተች። አየቻቸው። አያ ቢተው «እንዴት አደርሽ እቴ ዘመናይ» ብለው ሳይጨርሱ የጮኸችውን ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ አልለቀቀውም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ ወረወረችው፤ እደጁ ላይ በደረቷ ወደቀች። አያ ቢተው «ኧረ ደህና ናት! ኧረ በሕይወት አለች!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ማን ይስማቸው? ጎረቤቱ ለሳምንታት ይህንኑ ጩኸት ሲጠብቅ ነው የከረመው። ሴቶቹ መቀነታቸውን እንኳ ሳያጠብቁ እየጮኹ ደረሱ። የሰው ጩኸት ሌላ ሰፈር ጠራ። ፀሐይ ስትወጣ ግቢያችን ሞልቶ ነበር፤ ከሞጣ መንገድ ያሉት ዘመዶቻችን ሳይቀሩ ሰምተው መጡ። አባቴ መሀል ላይ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ «አልሞተችም!» ይላል፤ ሰዎቹ ደግሞ «ኀዘኑ አእምሮውን ነካው» ብለው ክንዱን ይዘው አስቀመጡት።

እናቴ ትርንጎ ትታው የሄደችውን አረንጓዴ ቀሚስ ታቅፋ አለቀሰች። አልቃሽ አልነበረችም፣ በሰው ለቅሶ ላይ እንኳ ድምፅዋ አይሰማም። ያን ቀን ግን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤

በምድር የሄደን ሰው ዱካው ያመጣዋል፣
የሰማይን መንገድ ማን ይከተለዋል?

እኔም አለቀስኩ። ፊልም መሆኑን የማውቀው፣ ያየሁት፣ የተናገርኩት እኔ፣ ከባንቺአምላክ ጋር ተቃቅፈን ተንሰቀሰቅን። ያን ያህል ሰው አልቅሶ እህቴ በሕይወት ልትኖር ትችላለች ብሎ ማመን ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ።

ስልኩ የጮኸው ለቅሶው ገና ሳይበተን ነው። አያ ቢተው እናቴን እጅዋን ይዘው እየጎተቱ ወሰዷት፤ እኔም ተከተልኩ። ትርንጎ ነበረች። አሠሪዎቿ ስልክ ከልክለዋት ከርማ፣ ያን ቀን ጎረቤታቸው የምትሠራ ያገራችን ልጅ አስደወለቻት። እናቴ መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ዝም ብላ ሰማች። በመጨረሻ «ብርድ አለ ወይ?» ብቻ አለች። ከዚያ ሱቁ ወለል ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ሳቋ ከለቅሶዋ ይልቅ አስፈራኝ። አያ ቢተውም ግንባራቸውን እየጠረጉ «በይ እንግዲህ እልል በይ! ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል። ይህች ልጅ ሁላችንንም ትቀብራለች» አሏት። እናቴ ይህን ቃል ከወንጌል ለይታ አላየችውም። ከዚያ በኋላ ሰው ስለ ትርንጎ ሲሠጋ እሷ ታጽናና ጀመር፤ የእሷ ሞት አንዴ ተለቅሶ አልቋል ትል ነበር።

ሰፈሩ ነገሩን ቀልድ አደረገው። የማይሆን ጩኸት ሁሉ «የአውሮፕላን ለቅሶ» ተባለ፤ እናቴም አብራ ትስቅ ነበር። ትርንጎ ከዓመታት በኋላ ለእረፍት ስትመጣ ነገሩን ከእኔ ሰምታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ እናቴ ጉልበት ሥር ተቀምጣ «እስኪ ምን ብለሽ ነው ያለቀስሽልኝ? በይልኝ» እያለች ለመነቻት። እናቴ ሌላ ሌላውን ሁሉ ትሰጣት ነበር፤ ያችን ሁለት መስመር ግን እምቢ አለች። ትርንጎም ተመልሳ ሄደች።

አሁን እኔ ሞጣ አስተምራለሁ፤ ዱሮ አውሮፕላን ያርፍበት ነበር ከሚባለው ሜዳ ብዙም አልርቅም። ላሞች ይግጡበታል። አሁን ልጆቹ አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና አይሉም፤ ፊልሙንም የሚያዩት በስልካቸው ነው፣ ለየብቻቸው። ሞትም መንገዱን ለውጧል። እድር ዳኛ አያስፈልገው፣ ጎህ አይጠብቅ። ባለፈው ዓመት የክፍለ ጊዜ እረፍት ላይ ሻይ ይዤ ስልኬን ስከፍት፣ ቤሩት ካለች የማላውቃት ልጅ ገጽ ላይ የትርንጎ ፎቶ ከሻማ ጋር ተለጥፎ አየሁ። ታማ ኖሯል። ለእኛ «ጉንፋን ነው» ትለን ነበር። ከሥሩ ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎ አልቋል። እህቴ እንደሞተች የነገረኝ ሰው የለም፤ ዝም ብዬ አነበብኩት። ያን ጊዜ ያ የእናቴ አገር ሥርዓት፣ ያ ሁሉ መንሾካሾክ፣ ያ ደግ ውሸት፣ ምን ያህል እንደናፈቀኝ ልናገር አልችልም። አንድ ሰው እጄን ይዞኝ ቢሆን ኖሮ!

አስከሬኗ በአውሮፕላን እንደሚመጣ ቤሩት ያሉ ጓደኞቿ ነገሩኝ። እኔም በሚኒባስ ወደ ቢቸና ወረድኩ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ አያ ቢተውም አርጅተዋል፤ ልጃቸውን ልከው ሽማግሌ እንዲሰበሰብ፣ ነገ ጧት እንዲነገራት ተስማማን። ቤት ስደርስ አመሻሽ ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። የትምህርት ቀን ነው፣ በዓልም አይደለም፤ የመጣሁበት ምክንያት አልነበረኝም። ስማኝ ስታበቃ ፊቴን አየችው። ከዚያ ለወጉ ያህል፣ ቀስ ብላ፣ «እህትሽ እንዴት ናት?» አለችኝ።

«ደህና ናት፣ ምን ትሆናለች?» አልኳት።

ምስሩን ከሰፌዱ ላይ አራግፋ ተነሣች። አልጮኸችም፤ ሌላም አልጠየቀችኝ። እራት አቀረበችልኝ፣ እንደ ልጅነቴ እጄን አስታጠበችኝ፣ ስበላም አጠገቤ ተቀምጣ አየችኝ። መደቡ ላይ አነጠፈችልኝና ጋቢውን እስከ አንገቴ ድረስ ሳበችልኝ።

«በይ በጊዜ ተኚ፣ የኔ እናት» አለችኝ። «ጧት ሰው ይመጣብናል።»